ሞቃት ጥግ፣ ቀዝቃዛ ጥግ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። የጥቅምት ጅማ ጠባይዋ ይታወቃል፤ ጠዋት ጋቢ ታስደርባለች፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ጥላ ታስፈልጋለች። መንደራ ቆጪ ያለው ቤታችንም ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ ግድግዳው ገና አልሞቀም ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ይዛ በባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ አስገባቻት። ክዳኑን በምስማር በሳስታ አየር ማስገቢያ አበጀች። ከሥር የቡና ቅጠል አነጠፈች። ሁለት ዝንብ ገድላ ጣለችላት። አንድ አሳቢ ጠባቂ ሊያደርግ የሚገባውን ሁሉ አድርጋለች ማለት ይቻላል።

«አባዬ፣ ይበርዳታል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ ግጥም እያረምሁ ነበር። አንድ ቤት አልገጥም ብሎኝ ስታገል ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ «ፀሐይ ላይ አስቀምጫት፤ ትሞቃለች» አልኋት። ልጄም የአባቷን ቃል አክብራ ብልቃጡን በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችው።

ምሳ ሊቀርብ ሲል ብልቃጡን አነሣሁት፤ ለእጅ ይፋጃል። እንሽላሊቷ በጀርባዋ ተዘርራ ሞታለች። ልጄ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና እንዲህ አለች፤

«አባዬ፣ ሲሞቃት ለምን ወደ ጥላው አልሄደችም?»

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በመስኮቴ በኩል በየቀኑ ጥያቄ ይዘንብብኛል፤ «ገንዘቤ ለምን አልገባም?» «ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም ወይ?» ሁሉንም እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱ አጭር ነው፤ ጥላ አልነበራትም። ጥላ እንዳይኖራት ያደረግናት ደግሞ እኛ ነን፤ ያውም እንዳይበርዳት አስበን።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እንሽላሊት ማንበብ ጀመርሁ። ጸጸት አንዳንድ ጊዜ ጥሩ መምህር ነው። እንሽላሊት እንደ እኛ ሙቀቷን ከውስጧ አታመነጭም። ደሟ የሚሞቀው ከውጭ በሚመጣ ሙቀት ነው። ሲበርዳት ወደ ፀሐይ ትወጣለች፤ ሲሞቃት ወደ ስንጥቁ ትገባለች። እኛ በብርድ የምንንቀጠቀጠውን፣ በሙቀት የምናልበውን እርሷ በእግሯ ትሠራዋለች። ወዲያና ወዲህ መመላለሷ ለእርሷ ሥራ ፈትነት አይደለም፤ ሕይወቷን የምትጠብቅበት ብልሃት ነው። መንገዷን የዘጋ ሰው እስትንፋሷን የዘጋ ያህል ነው። ልጄ ክዳኑን ስትበሳ አየሩን አሰበች፤ ሁለታችንም ግን መንገዱን አላሰብንም።

በውጭው ዓለም «ጌኮ» የሚባሉትን የእንሽላሊት ወገኖች እንደ ድመትና እንደ ውሻ በቤታቸው የሚያኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ። እኛ በመጥረጊያ የምናባርራትን እነርሱ በመብራትና በቴርሞሜትር ያኖሯታል! ጥቂት ገጽ ወደ ፊት ስሄድ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ሰዎቹ የሚያውቁት ነገር አለ።

በሰፊው ከሚያኖሯቸው አንዷ ሌፐርድ ጌኮ የምትባለው ናት። አገሯ ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን እስከ ሰሜን ምዕራብ ህንድ ያለው ደረቅ፣ ድንጋያማ ምድር ነው። ይህችን ጌኮ የሚያኖር ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱ «ሣጥኑን አሙቅ» የሚል አይደለም። «ሣጥኑን ለሁለት ክፈል» የሚል ነው። በአንዱ ጥግ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል፤ በሌላው ጥግ 25 ገደማ። በሁለቱም ጥግ ተሸሽጋ የምታርፍበት ዋሻ ይኖራታል። በመካከሉ እንደ ልቧ ትመላለሳለች። ምግቧን ለመፍጨት ሙቀቱን ትፈልጋለች፤ ሲበቃት ወደ ቅዝቃዜው ትሄዳለች። ስንት ሰዓት ሞቃ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቀዘቅዝ የምትወስነው እርሷ እንጂ ባለቤቷ አይደለም። የባለቤቱ ድርሻ ሁለቱ ጥጎች መኖራቸውን ማረጋገጥና ሙቀቱ ከልኩ እንዳያልፍ በቴርሞስታት መቆጣጠር ብቻ ነው።

የርጥበቱም ነገር እንዲሁ ነው። የሌፐርድ ጌኮ ሣጥን አየሩ ከ30 እስከ 40 በመቶ ርጥበት ቢኖረው ይበቃታል። ይሁን እንጂ ቆዳዋን በምትቀይርበት ጊዜ ርጥበት የያዘች አንዲት ትንሽ ዋሻ ያስፈልጋታል። ያችን ካጣች አሮጌው ቆዳ በጣቶቿ ላይ ይደርቅና እንደ ክር ይጠመጠማል፤ ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ ጣቷም እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ክረስትድ ጌኮ የምትባለው ደግሞ የዚህች ተቃራኒ ናት። አገሯ ኒው ካሌዶንያ የተባለች የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ስትሆን፣ ጠፍታለች ተብሎ ከታመነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደገና ተገኝታለች። ለእርሷ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ በቂ ነው፤ ከ28 ካለፈ ትጨነቃለች። ርጥበቱ ግን ከ60 እስከ 80 በመቶ ቢሆን ይስማማታል። ለአንዷ ምቾት የሆነው ለሌላዋ ሥቃይ ነው። እንግዲህ «እንስሳ ሙቀት ይወዳል» ብሎ በጅምላ መናገር ምን ያህል አላዋቂነት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ እጅግ ገረመኝ። የሌፐርድ ጌኮ እንቁላል ሴት ይሁን ወንድ የሚወሰነው በሙቀት ነው። በ26 ዲግሪ ከተፈለፈለ አብዛኛዎቹ ሴቶች ይሆናሉ፤ በ32 ተኩል ገደማ አብዛኛዎቹ ወንዶች፤ ሙቀቱ ወደ 34 ከፍ ሲል ደግሞ እንደገና ወደ ሴት ያደላል። ጥቂት ዲግሪ የአንድን ፍጥረት ማንነት ይለውጣል። እኔ በአንድ ቃል፣ ዓይኔን ከወረቀት ሳላነሣ፣ «ፀሐይ ላይ አስቀምጫት» ያልሁት እንዲህ ያለችውን ፍጥረት ነው።

የእኛ የግድግዳ እንሽላሊት የማንንም ቴርሞስታት አትለምንም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ እየጠጣች የምትኖር ከተማ ናት። ጭቃ ቤታችን ሌላው ቢቀር ስንጥቅ አላጣም። ማታ አምፑሉ ሲበራ እንሽላሊቷ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ትወጣለች፤ በብርሃኑ ዙሪያ የተሰበሰበውን ትንኝ ለቅማ ትመለሳለች። ሞቃቱንም ቀዝቃዛውንም ጥግ ራሷ ታውቃቸዋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው አስተያየቴ አጭር ነው፤ በብልቃጥ አናስገባት። ምግብ ላይ ከወደቀች መርዝ ናት እያልን በመጥረጊያ አንደብድባት። በነጻ የምታገለግለን ትንኝ አዳኝ ናት፤ ደመወዟ ስንጥቋ ብቻ ነው።

ነገሬ በዚህ ቢያልቅ በወደድሁ። ነገር ግን የልጄ ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ይመለስብኝ ጀመር። «ሲሞቃት ለምን ወደ ጥላው አልሄደችም?» አንድ ሌሊት፣ ከብዙ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ እኔ ራሴ ልጠይቅ ይገባኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያኔ የጠየቅሁት ግን ሌላ ነበር።

የእናቴ ወንድም በሊሙ ወገን የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በአፋን ኦሮሞ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላልና እኛም ኤሱማ እያልን አደግን። ኤሱማ ቡና አላቸው፣ ጥቂት ከብት አላቸው፤ ከጓሮ ደግሞ መስኮት የሌላት አንዲት ትንሽ ጎጆ ነበረቻቸው። ሕፃናት ወደዚያች ጎጆ እንድንጠጋ አይፈቀድልንም። እንግዳማ ፈጽሞ አይገባባትም፤ የሰው ዓይን ያጠፋብናል ይባል ነበር። ከጣራዋ ላይ ግን ሌት ተቀን ጢስ ይወጣል። በውስጧ ያሉት ጥርኞች ናቸው።

ጥርኝን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ጥርኝ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ብቻውን የሚኖር የዱር አውሬ ነው። በቡና ጫካችን ውስጥ ቀይ የቡና ፍሬ እየለቀመ ይበላል፤ ፍሬውንም በኩሱ እየዘራ ጫካውን ያድሳል። ከጅራቱ ሥር ባለች ከረጢት ውስጥ ዝባድ የተባለ ሽታው የበረታ ቅባት ያመነጫል። በዱር ሳለ ይህን ቅባት በዛፍና በድንጋይ ላይ እያሸ ግዛቱን ያስታውቃል። ዝባድ የጥርኝ ፊርማው ነው ማለት ነው፤ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚፈርምበት ቀለሙ። እኛ ደግሞ ግዛቱን ወስደን ፊርማውን እንቀበለዋለን።

ጥርኝ አርቢዎች ወንዱን ከዱር አጥምደው በእንጨት በተሠራ ጠባብ፣ ሞላላ ማጎሪያ ውስጥ ያኖሩታል። ማጎሪያው ሲጠብ መዞር እንኳ ያስቸግረዋል። ገንፎ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ይመገባል፤ አመጋገቡ ከብዙ ሰው ቤት አመጋገብ ይሻላል ቢባል ሐሰት አይሆንም። በየዘጠኝና በየአሥር ቀኑ፣ አንዳንዴም ዘግየት ብሎ፣ ጅራቱና የኋላ እግሮቹ ተይዘው ዝባዱ በማንኪያ ይፋቃል። ዝባዱ በከብት ቀንድ ውስጥ ይጠራቀምና አፉ በቆዳ ይለጎማል። እሳቱስ? እሳቱ ከጎጆዋ መካከል ሳይጠፋ ይነዳል። ሙቀት ዝባዱን ያበዛዋል፣ ጢሱም ይስማማዋል የሚለው እምነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ክረምት ኤሱማ እንጨት እንዳቀብላቸው ወደ ጎጆዋ አስገቡኝ። ከውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ከውስጥ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ጢሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥርኙን አየሁት። አፉን ከፍቶ ያለከልካል። አፍንጫውን በማጎሪያው እንጨቶች መካከል አሾልኮ ወደ በሩ፣ እኔ ወደ ገባሁበት ወደ ቀዝቃዛው አየር ዘርግቶታል። ያን ጊዜ «ለምን ወደ በሩ ይዘረጋል?» ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት «ኤሱማ፣ አንዱ ቀንድ ስንት ብር ይሸጣል?» ብዬ ነው። ባንክ ቤት መግባቴ ያኔውኑ ሳይጻፍብኝ አልቀረም።

እነሆ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እንሽላሊት ከውጭ ሙቀት ካላገኘች የምትሞት ፍጥረት ናት፤ ሆኖም ባዕዳኑ ጠባቂዎቿ ቀዝቃዛ ጥግ አይነፍጓትም። ጥርኝ ግን ጠጉራም ነው፤ እንደ እኛ ሙቀቱን ከውስጡ ያመነጫል። የጅማን ክረምት፣ የጫካውን ጉምና ጤዛ ያለ ማንም እሳት ሲኖርበት ኖሯል። እሳት የማያስፈልገውን እንስሳ በእሳት ዳር አስረን ጥላ ነፈግነው። ታዲያ ያ እሳት የሚነደው ለማን ነው? ለጥርኙ አይደለም። ለቀንዱ ነው።

«የገጠሩ ሰው ስለ ሙቀትና ስለ ርጥበት ምን ያውቃል? አላወቀም ብለህ እለፈው» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። ይህን አልቀበልም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የሚኖር ሰው አያውቅም ማለት ስድብ ነው። የታጠበ ቡና በአልጋ ላይ ሲደርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ገለፈቱ እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል። ሌሊት ጤዛ እንዳይነካው እንደገና ይሸፈናል። በየጊዜው በእጅ ይገላበጣል። ርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ድረስ እስኪወርድ በትዕግሥት ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይሻግታል፣ ከዚያ በታች ከወረደ ክብደቱንና ጣዕሙን ያጣል። ነጋዴው መለኪያውን ይዞ ይመጣል። እኔም በባንክ መስኮት ተቀምጬ የዚያችን መለኪያ ቁጥር ዋጋ በብር ስትተረጎም በየዓመቱ አያለሁ።

ልብ በሉ! ለቡና ፍሬ የቀትር ጥላ አለን። ለቡና ፍሬ የርጥበት መለኪያ አለን። ቡናው ግን አይሰማውም። የሚሰማው፣ የሚያለከልከው፣ አፍንጫውን ወደ በር የሚዘረጋው ፍጥረት ጥላም መለኪያም የለውም። እውቀቱ ከእኛ ዘንድ አለ፤ የጎደለው እውቀት ሳይሆን ለማን እንደምናውለው መወሰን ነው። ቡናውን የምንጠነቀቅለት ካልተጠነቀቅንለት ስለሚከስረን ነው። ጥርኙ ግን እየተሠቃየም ዝባዱን ይሰጣል። ሥቃዩ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይወጣም።

ታሪኩ ረጅም መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ሊሙ እናርያን በገዙት በአባ ባጊቦ ዘመን የሰቃ ገበያ የታወቀ ነበር፤ ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በነጋዴዎች ወደ ሰሜን፣ እስከ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ይወጣ ነበር። ከዚያም በኋላ ኢትዮጵያ ለዓለም ገበያ ዋነኛዋ የዝባድ አቅራቢ ሆና ቆየች። የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ጥቂቷን ጠብታ ሽታው በገላ ላይ እንዲቆይ ይጠቀሙባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት የዝባድን ዋና ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አወቃቀር ፈትቶ አሳየ፤ የአሥራ ሰባት ካርቦኖች ቀለበት ሆኖ ተገኘ። በ1939 የኖቤል ሽልማት ከተቀበለባቸው ሥራዎች ውስጥ ይህም አለበት። ከዚያ ወዲህ ያለ ጥርኝ፣ ያለ እሳት፣ ያለ ማጎሪያ ሽታውን በቤተ ሙከራ መሥራት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ አንድ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በአገራችን ያለውን የጥርኝ አያያዝ መርምሮ ዘገባ አወጣ፤ ሽቶ ሠሪዎችም ከተፈጥሮ ዝባድ እንዲርቁ ግፊቱ በረታ።

እዚህ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ለዘመናት ሽታውን በአንገቱ ላይ ሲያርከፈክፍ የኖረ ዓለም አንድ ቀን ተነሥቶ በሊሙ ገበሬ ላይ ጣቱን መቀሰሩ ቀላል ነው። ከብልቃጡ ዋጋ ለገበሬው የደረሰው ምን ያህል ነው ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ይህ ቅሬታ እውነት ነው። ነገር ግን እውነተኛ ቅሬታ ለሌላ በደል መሸፈኛ ሲሆን ውሸት ይሆናል። «እነርሱም በድለዋል» ማለት ጥርኙን አያቀዘቅዘውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ስከታተል ለልብስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለመጓጓዣ የሚያስፈልገኝን ብዙውን ጊዜ የላኩልኝ ኤሱማ ናቸው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። በፍሬም ተደርጎ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዲግሪ ወረቀቴ፣ አፍንጫ ላለው ሰው፣ ዝባድ ዝባድ ይሸታል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሩቅ ቆሜ እንደሚፈርድ ሰው አይደለም። ከተጠቀሙት አንዱ እኔ ነኝ። እሳቱ የነደደው ለእኔም ጭምር ነው።

ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ? ለሚለኝ የማምንበትን እናገራለሁ። ጎጆዋ ለሁለት ትከፈል። እሳት የግድ ነው የሚል ካለ እሳቱ በአንድ ወገን ይሁን፤ ሌላው ወገን ግድግዳው አየር የሚያስገባ፣ ጢስ የማይደርስበት ይሁን። ማጎሪያው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በእግሩ ሊሄድ የሚችልበት ርዝመት ይኑረው። በሌሊት የሚኖር እንስሳ ነውና ቀን የሚሸሸግበት ጨለማ ሣጥን በቀዝቃዛው ጥግ ይቀመጥለት። በሁለቱም ወገን፣ በጥርኙ ቁመት ልክ፣ አንድ አንድ ቴርሞሜትር ይንጠልጠል፤ የቡናን ርጥበት የሚያነብ ገበሬ ይህን ማንበብ አያቅተውም። ከዚያ በኋላ ጥርኙ ራሱ ይናገራል። በር ተከፍቶለት ወደ እሳቱ የሚሄድ ከሆነ አባቶቻችን እውነት ብለዋል፤ አፌን እዘጋለሁ። ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ሄዶ የሚቀር ከሆነ ግን ለዘመናት ሲነግረን የኖረውን አልሰማነውም ማለት ነው።

ዝባዱን የሚገዛው ነጋዴም የቀንዱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የጎጆዋን ሁኔታ ይጠይቅ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ፣ ቁጥር 541/1999፣ በዱር እንስሳ መጠቀምን ከልማትና ከጥበቃ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ነው በርእሱ የጻፈው። መጠቀሙን ብቻ አንብበን ጥበቃውን መዝለል አንችልም። ይህን ሁሉ ለማሟላት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ያለውን ጥርኝ በደህና ይያዝ እንጂ አዲስ አያጥምድ። ሁለተኛ ጥግ ሊሰጠው የማይችለውን እንስሳ ማንም ሰው የእኔ ሊለው አይገባም። ይህ ለጥርኝም፣ በብልቃጥ ለገባች እንሽላሊትም፣ በአውሮፓ በመስታወት ሣጥን ለምትኖር ጌኮም አንድ ሕግ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ኤሱማን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አርጅተዋል፤ ጎጆዋ ግን አሁንም ትጨሳለች፤ አንድ ጥርኝ ቀርቷቸዋል። ቡና ተፈልቶ፣ ከቦርዴው ተቀድቶ፣ ወጉ ሲሞቅ የልጄን ብልቃጥ ነገር አወራኋቸው። ከዚያም ስለ ሁለቱ ጥጎች፣ ስለ ቴርሞሜትሩ፣ ስለ ቀዝቃዛው ወገን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። አቋርጠው አልተናገሩኝም። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣

«ይህን ሁሉ ስትማር ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንገቴን ደፋሁ። ዝምታው ሲረዝም ኤሱማ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ጓሮ ወጡ። ተከተልኋቸው። በጎጆዋ ኋላ፣ በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ አጠገብ ቆመው ጭቃውን በከዘራቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «ይህ ወገን ፀሐይ አያገኘውም» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ግድግዳውን ይበሱት አይበሱት እስከ ዛሬ አላየሁም። ለበዓል ስሄድ አያለሁ፤ ጭቃውን የሚያፈርስ ሰው ካስፈለገም እጄ አለ። ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ምን እንደሆነ ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

ልጄ ብልቃጡን አጥባ የእርሳስ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ማታ ማታ አምፑሉ ሲበራ ከዲግሪዬ ፍሬም ኋላ አንዲት እንሽላሊት ብቅ ትላለች። ልጄ ትቆጥርላታለች፤ «አሁን ሞቃት ጥግ ናት፣ አሁን ቀዝቃዛ ጥግ ናት።» ያ እሑድ ጠዋት አልገጥም ብሎኝ የነበረውን ግጥም ትቼዋለሁ። በእርሱ ፈንታ እነዚህ አራት ስንኞች መጡ፤ እነርሱን ለእናንተ ትቼ ልሰናበት።

አንዱን ጥግ አሙቄ፣ አንዱን ጥግ ዘጋሁት፤
ሞቆሃል እያልሁኝ፣ ሲቃጠል ዝም አልሁት።
እሳት ብቻ ካለው፣ ጥላ ካልኖረበት፣
ምድጃ ነው እንጂ፣ እንዴት ይባላል ቤት?

ቸር እንሰንብት።